ከግል ማመልከቻ ወደ ጋራ ደብዳቤ፦ ለረዳት ምሩቃንና እየተማሩ ለሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የመደራጀት መመሪያ

ሥራ በጀመርሁበት ተቋም ስድስት ሆነን በአንድ ቀን ተቀጠርን። ደረጃችን አንድ፣ የቅጥር ደብዳቤያችን አንድ፣ የምናስተምረው ክፍለ ጊዜም ተቀራራቢ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ባልደረባችን ኪራይ ቤቷ ቡና ጠራችን። ሁለተኛው እየተቀዳ ሳለ የደመወዝ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችና «እስቲ የናንተንም አሳዩኝ» አለች። መጀመሪያ ሁላችንም አፈርን። ደመወዝን ለሰው ማሳየት ገመናን እንደማውጣት ነው። በኋላ ግን አንዱ ስልኩ ላይ ያነሣውን ፎቶ ከፈተ፣ ሌላው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ የስድስታችንም ተዘረጋ። የሁለቱ ላይ የቤት አበል አለ። የአራታችን ላይ የለም።

ሁለቱ ከእኛ የተለየ መብት አልነበራቸውም። አንድ ቅጽ መሞላት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ስለነገራቸው ሞሉ፤ ለእኛ የነገረን አልነበረም። ከአራታችን ሦስቱ ደግሞ በየግላቸው ማመልከቻ አስገብተው «እናየዋለን» ተብለው ነበር፤ አንዱ ግን የሌላውን ማመልከቻ አያውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት አራታችን በአንድ ደብዳቤ ፈርመን ገባን። አበሉ በሁለተኛው ወር ደመወዝ ላይ ታየ። ያለፈው ስምንት ወር ግን ቀለጠ፤ አልተመለሰም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለው ስምንት ወር በእናንተ ላይ እንዳይቀልጥ ነው። የምጽፈውም ደብረ ማርቆስና አካባቢው ለምትሠሩ ረዳት ምሩቃን፣ በትምህርት ፈቃድ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ለምትማሩ መምህራን፣ የቤተ ሙከራ ረዳቶች፣ በሪፈራል ሆስፒታል ስፔሻሊቲ እየተማራችሁ ሌሊት ተረኛ ለምታድሩ ሐኪሞች፣ እንዲሁም በግል ኮሌጅ እያስተማራችሁ ማታ ለምትማሩ ነው። የሁላችሁም ችግር አንድ ሥር አለው። ክፍያ ስትጠይቁ «ተማሪ ናችሁ» ትባላላችሁ፤ ሥራ ሲመጣ «ሠራተኛ ናችሁ» ትባላላችሁ።

ይህ ክርክር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን የሚያስተምሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ማኅበር መሥርተው፣ ከሥራ ማቆም በኋላ በ1970 የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ፈረሙ። የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሠራተኞች ግን ሠራተኛ መሆናቸው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ እንደገና የተወሰነላቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48,000 ያህል ተማሪ ሠራተኞችና ተመራማሪዎች ለሳምንታት ሥራ አቁመው የተሻለ ክፍያ አገኙ። የእነሱ ሕግ ለእኛ አይሠራም። ትምህርቱ ግን ይሠራል፤ «ተማሪ ነህ ወይስ ሠራተኛ?» የሚለው ጥያቄ የተመለሰው ተማሪ ሠራተኞቹ አንድ ላይ ሆነው ሲጠይቁ ነው።

ደረጃ 1፦ ሕጉ የሚያያችሁ በየትኛው በር እንደሆነ ለዩ

ጉባኤ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። በር ያልለየ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ይዞ የተሳሳተ ቢሮ ደጅ ይጠናል።

የሁሉም መሠረት ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 31 ማንም ሰው ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 42 ደግሞ የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች፣ እንዲሁም የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራና የኢኮኖሚ ሁኔታቸውን ለማሻሻል መደራጀት እንደሚችሉ ይደነግጋል። ከመንግሥት ሠራተኞች እነማን በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ትቶታል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚች ላይ ነው።

የግል ኮሌጅ ተቀጣሪ ከሆናችሁ በራችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም፣ ማስመዝገብና በኅብረት መደራደር ትችላላችሁ። በማኅበር አባልነት ምክንያት ማሰናበት በአዋጁ ሕገ ወጥ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አዋጁ ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን ሲባል የሚደረግን ውል ከሙያ ልምምድ በቀር አያካትትም። ውላችሁ ላይ «ሥልጠና» የሚል ቃል ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ለሕግ ባለሙያ አሳዩ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ከሆናችሁ ይህ አዋጅ እናንተን አይመለከትም። የሚገዛችሁ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግና የተቋማችሁ የሴኔት ሕግ ነው። የሴኔት ሕጉን ከትምህርት ክፍላችሁ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ጠይቃችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ብዙው ጥቅማ ጥቅም እዚያ ውስጥ ተጽፎ የተኛ ነው። ለመደራጀት ሦስት መንገድ አላችሁ፤ ያለውን የመምህራን ማኅበር መሠረታዊ ቅርንጫፍ ገብቶ ማንቃት፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሙያ ማኅበር ማስመዝገብ፣ ወይም ምዝገባ የማይጠይቅ የመረዳጃ እድር መጀመር። 1113/2011 አምስት ሰው ማኅበር እንዲመሠርት ይፈቅዳል፤ እድርንና እቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ተቋማትን ደግሞ ጭራሽ አይመለከትም።

ደረጃ 2፦ ወረቀታችሁን አንድ ቦታ ሰብስቡ

ሰው ሲበሳጭ ይናገራል፤ ቢሮ ግን የሚመልሰው ለወረቀት ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ክላሰር ግዙና እነዚህን አኑሩበት፤

የቅጥር ደብዳቤ፤ የሥራ ውል፤ የትምህርት ፈቃድ ደብዳቤና የግዴታ ውል፤ የዋሳችሁ የፈረመበት ቅጂ፤ የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት፤ በየሴሚስተሩ የተሰጣችሁ የኮርስ ድልድል፤ ያማከራችኋቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ዝርዝር፤ ተረኛ ያደራችሁባቸው ቀናት መዝገብ።

ከዚያ የደመወዝ ወረቀታችሁን በመስመር በመስመር አንብቡ። ጡረታ ከእናንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል። በትምህርት ፈቃድ ላይ ሳላችሁ ይህ ሳይቋረጥ መቀጠሉን አረጋግጡ፤ ተቋርጦ ከሆነ ዛሬ አይታወቃችሁም፣ የጡረታ ዘመናችሁ ሲቆጠር ግን ይጎድላል። የግዴታ ውሉንም አብራችሁ አንብቡት። ስንት ዓመት ማገልገል አለባችሁ? ብትለቁ የምትመልሱት ደመወዝን ብቻ ነው ወይስ የትምህርት ክፍያንም? ዋሳችሁ የታሠረው በምን ያህል ብር ነው? ይህን ሳያውቅ የሚደራደር ሰው ገመዱ የት እንደታሰረ ሳያውቅ የሚጎትት ሰው ነው።

ለግል ኮሌጅ ሠራተኞች አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። በአዋጅ 1156/2011 የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያላግባብ ከሥራ ከተሰናበታችሁ ደግሞ ወደ ሥራ ለመመለስ የምታቀርቡት ክስ በሦስት ወር ውስጥ መሆን አለበት። «እስቲ ትንሽ እንታገሥ» ስትሉ ቀኑ እየሄደ መሆኑን አትርሱ።

ደረጃ 3፦ አንድ በአንድ አነጋግሩ

ስብሰባ በመጥራት አትጀምሩ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አራት ሰው ተቀምጦ ከመበተን የከፋ ነገር የለም፤ ወሬውም ለአስተዳደሩ ቶሎ ይደርሳል። በቡና፣ በምሳ ሰዓት፣ ፈተና ስታርሙ፣ ከግቢ ወደ ከተማ በባጃጅ ስትመለሱ ሰውን ለብቻው አነጋግሩ።

ስታነጋግሩ ከምትናገሩት ይልቅ የምትሰሙት ይብለጥ። ሦስት ጥያቄ ይበቃችኋል፤ «ከሥራህ ምኑ ነው እንቅልፍ የሚነሳህ?»፣ «ለማን ነገርህ? ምን አለህ?»፣ «ከሌሎች ጋር አብረህ ደብዳቤ ላይ ትፈርማለህ?» መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ሠላሳ ሰው ካነጋገራችሁ በኋላ የሁሉም ሰው ችግር የሆነው ሁለት ወይም ሦስት ነገር ራሱ ይወጣል። የቤት አበል ሊሆን ይችላል፤ የዘገየ የተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ክፍያ ሊሆን ይችላል፤ የጥናትና ምርምር ገንዘብ በግዥ ሂደት ዓመት መፍጀቱ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪሞች የተረኛ ክፍያ፣ የማረፊያ ክፍል ወይም የጉበት ክትባት ሊሆን ይችላል።

ሴቶች ባልደረቦችን ከመጀመሪያው ቀን አካቱ። አመሻሽ ላይ የሚደረግ ስብሰባ እነሱን ያስቀራል፤ ልጅ ያላት እናት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መምጣት አትችልም። የወሊድ ፈቃድ፣ ልጅ ማዋያና ጡት የማጥባት ጊዜ በወንዶች ብቻ በተሞላ ኮሚቴ ጥያቄ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ እንዲያገኙ ያዝዛል፤ የደመወዝ ወረቀት ስታወዳድሩ ይህንንም አብራችሁ እዩ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን

የጥያቄ ዝርዝር ሲረዝም አስተዳደሩ የሚቀለውን መርጦ ይመልስና «ተመልሷል» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሦስት መስፈርት ያሟላ፤ ብዙዎቻችሁን ይንካ፣ አሁን ባለ ሕግ ወይም መመሪያ የተደገፈ ይሁን፣ የተቋሙ አመራር በራሱ ሥልጣን ሊፈጽመው የሚችል ይሁን።

ሦስተኛው መስፈርት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የደመወዝ ስኬል የሚወሰነው በፌዴራል መንግሥት ነው። ለምሳሌ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ ይህን የወሰነው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት አይደለም። ስለዚህ «ደመወዝ ይጨመርልን» የሚል ደብዳቤ ለፕሬዚዳንቱ ብትጽፉ እውነተኛውን መልስ ይሰጣችኋል፤ «ከአቅሜ በላይ ነው»። በመመሪያ የተፈቀደ የተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ክፍያ በወሩ እንዲከፈል፣ የቤት አበል ቅጽ ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ እንዲሰጥ፣ የኮርስ ድልድል ትምህርት ላይ ላለ ሰው እንዲቀነስ መጠየቅ ግን በእጁ ነው።

ጊዜውንም አስቡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አዲስ ወጪ የሚያስከትል ጥያቄ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በሚዘጋጅበት በክረምት ማግስትና በበጋው ወራት መግባት አለበት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ያቀረባችሁት ጥያቄ የሚያገኘው የተራረፈ በጀት ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ እንደ እድር ተቋቋሙ

ይህን ደረጃ ለማስተማር ከእናንተ ወላጆች የተሻለ ሰው የለም። በጎጃም ገጠር ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን እንጨት እንደሚፈልጥ፣ ማን ያልመጣውን ስም እንደሚጽፍ ሁሉም ያውቃል። በጽዋ ማኅበር ማን የሚቀጥለውን ወር እንደሚደግስ ጽዋውን ሲቀበል ይታወቃል። አዝመራ ሲደርስ ወንፈል የገባ ሰው ዛሬ የሌላውን ያጭዳል፣ ነገ የእሱ ይታጨዳል። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ይህን ሁሉ የገበሬ ነገር ብለን በር ላይ ጥለነው እንገባለን። ሥራችን የተጣለውን ማንሣት ነው።

አምስት ሰው ምረጡ፤ ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ቁጥጥር። ሰብሳቢው አንደበተ ርቱዕ ይሁን ትላላችሁ፤ እኔ ግን ጸሐፊው ይበልጣል እላለሁ። ጥሩ ጸሐፊ ያለው ማኅበር ሰብሳቢው ቢታመምም ይቆማል። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተገኙና የቀሩ ሰዎች፣ አጀንዳ፣ ውሳኔ፣ ማን እስከ መቼ ምን እንደሚፈጽም። ሁሉም ይፈርም።

መተዳደሪያ ደንቡ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። አባል ማን ነው? በምን ያህል ድምፅ ይወሰናል? የኮሚቴው ዘመን ስንት ነው? ገንዘብ ማን ፈርሞ ይወጣል? ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ይቀመጥ፤ በአንድ ሰው የቴሌብር ቁጥር አይቀመጥ። መዋጮው ትንሽ ይሁን፣ በየወሩ ግን አይቋረጥ። ለሕግ ምክር፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለአዲስ አበባ መሳፈሪያ፣ ችግር ለገጠመው አባል መደገፊያ ይውላል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ የሚሄድ ተወካይ በራሱ ኪስ ሁለቴ አይሄድም።

ደረጃ 6፦ ደብዳቤውን እንዲህ ጻፉት

ጥያቄያችሁ ቁጥር ያለው ደብዳቤ እስኪሆን ድረስ ወሬ ነው። ጥሩ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው፤ ልመናም ዛቻም የለበትም። መልኩ ይህን ይመስላል፤

«ቀን ______
ለ______ ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት

ጉዳዩ፦ የተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ክፍያ በወቅቱ እንዲፈጸም ስለመጠየቅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው 34 ረዳት ምሩቃንና መምህራን በአንደኛው ወሰነ ትምህርት ከተመደበልን ጭነት በላይ ማስተማራችን በትምህርት ክፍሎቻችን ተረጋግጧል። ክፍያው በተቋሙ መመሪያ አንቀጽ ____ መሠረት መፈጸም ሲገባው እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። የእያንዳንዳችን ክፍለ ጊዜ ዝርዝር በአባሪ 1 ተያይዟል።

ስለዚህ ክፍያው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸምልን፣ ወይም ያልተፈጸመበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልን፣ እንዲሁም ሦስት ተወካዮቻችንን እንዲያነጋግሩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ግልባጭ፦ ለፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት፤ ለሰው ሀብት፤ ለፋይናንስ፤ ለመምህራን ማኅበር»

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱን ስጡ፣ በሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። «አስቀምጡት፣ አያለሁ» ብትባሉ በትሕትና ቁሙና «ማኅተሙን ብቻ ነው የምንጠብቀው» በሉ። ያቺ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈችበት ቅጂ ነገ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊትም፣ እንባ ጠባቂ ዘንድም፣ ፍርድ ቤትም ምስክራችሁ ናት። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ብቻ የተላከ ጥያቄ ይህን አያደርግም።

ደረጃ 7፦ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡ

ሦስት ሆናችሁ ግቡ። አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ያዳምጥ። ብቻውን ለተጠራ ተወካይ አንድ መልስ አስተምሩት፤ «የጋራ ጉዳይ ስለሆነ ከጓዶቼ ጋር እመጣለሁ»። ብቻውን ገብቶ በቃል ተስማምቶ የወጣ ሰው ምንም ቢጥር መጠርጠሩ አይቀርም፤ ጥርጣሬ ደግሞ ማኅበርን ከውጭ ጠላት ይልቅ ፈጥኖ ያፈርሳል።

አመራሩን አክብሩ። ዲኑም፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱም ትናንት ረዳት ምሩቅ ነበሩ፤ የበጀት ጫናቸውንም ስሙ። የተባለውን ሁሉ ግን በወረቀት አሳርፉ። ስብሰባው በተጠናቀቀ ማግስት «በ____ ቀን ባደረግነው ውይይት የሚከተሉት ነጥቦች ላይ ተስማምተናል» የሚል አጭር ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ። ካልተስማሙበት ያስተካክላሉ፤ ዝም ካሉ ተመዝግቧል።

ደረጃ 8፦ መልስ ሲጠፋ በደረጃ ውጡ

አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትዝለሉ። መጀመሪያ አስታዋሽ ደብዳቤ የቀድሞውን ገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቦርድና ወደ ትምህርት ሚኒስቴር። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በምክንያት ተደግፎ በጽሑፍ እንዲሰጥ ስለሚፈልግ በደብዳቤያችሁ ጥቀሱት። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል። የግል ኮሌጅ ሠራተኛ ደግሞ የሠራተኛ ጉዳይን ወደሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ሄዶ እርቅ መጠየቅ፣ ካልሆነም ክስ መመሥረት ይችላል።

ሰላማዊ ሰልፍ ከታሰበ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሥራ ማቆም የመጨረሻው ነው፤ ዋጋውንም ከቅርብ ታሪካችን እወቁት። በኅዳር 2015 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸው ሳይመለስ በመቅረቱ የሥራ ማቆም ጥሪ አድርገዋል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች አሥራ ሁለት ጥያቄ አቅርበው ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ ታሥረዋል፣ የጤና ባለሙያዎች ማኅበርም ታግዷል። ሁለቱም ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ ግን ብቻውን አይከላከልም፤ የሕግ ምክር፣ የተጠራቀመ መዋጮና የሕዝብ ድጋፍ ሳይዙ ወደዚህ መግባት አባላትን ለብቻቸው ማጋለጥ ነው። ሐኪም ከሆናችሁ ደግሞ ድንገተኛ ክፍልን፣ ማዋለጃንና ጽኑ ሕሙማንን የሚነካ እርምጃ አታስቡ። ከጮቄ ተራራ ሥር በቃሬዛ ተሸክመዋት ለመጣች ወላድ የእናንተ የተረኛ ክፍያ ዕዳዋ አይደለም።

ደረጃ 9፦ ራሳችሁንና ስማችሁን ጠብቁ

ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ግጭት ውስጥ ነው፤ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ ላይ ነን። ስለዚህ ስብሰባችሁ በቀን፣ በታወቀ ቦታ፣ በተጻፈ አጀንዳ ይሁን። አጀንዳው የሥራ ጥቅማ ጥቅም ብቻ ይሁን። በስብሰባው ላይ ፓርቲ፣ ብሔርና ጦርነት አይነሡ፤ አባላቱ በግላቸው የፈለጉትን ያምናሉ፣ እዚህ የተገናኙት ግን በደመወዝ ወረቀት ነው። የአባላት ስም ዝርዝር የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። በደብተር፣ በጸሐፊው እጅ ይቀመጥ። ግሩፑ የስብሰባ ሰዓት ለማሳወቅ ይበቃል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራው እንዳይቆም የስልክ ሰንሰለት አዘጋጁ፤ አንዱ ለሦስት ይደውላል፣ ሦስቱ ለሦስት።

የማኅበሩን ስምና የምዝገባ ሰነድም ጠብቁ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት ከታክሲ ነጂዎች ጋር በአንድ ሰሞን ሲሆን፣ የተቃወሙት የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተግባራዊነቱ እንዲቆም ሆኗል። በኋላ ግን በ1980ዎቹ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ከሁለቱ የአንደኛው ወገን የአመራር አባል አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ለዓመታት ታሠሩ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የማኅበሩ ስምና ንብረት ለሌላኛው ወገን እንዲሆን ወሰነ። የቀሩት አባላት በአዲስ ስም ለመመዝገብ ያቀረቡት ጥያቄም ተከልክሎ ጉዳዩ ጄኔቫ እስከ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደረሰ። ኢትዮጵያ የድርጅቱን 87ኛና 98ኛ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር ስምምነቶች ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነበር። የዚያ ትውልድ ድፍረት አልጎደለም። እኛ የምንማረው ማኅተም፣ ቃለ ጉባኤ፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀትና የባንክ ፊርማ ልክ እንደ ሰው መጠበቅ እንዳለባቸው ነው።

ደረጃ 10፦ ከመመረቃችሁ በፊት አስረክቡ

የተማሪ ሠራተኛ ማኅበር ትልቁ ጠላት ምርቃት ነው። ሁለት ዓመት የለፋው ሰብሳቢ ዲግሪውን ይዞ ይሄዳል፤ አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ከኮሚቴው ቢያንስ ሁለቱ ገና ሁለት ዓመት የሚቀራቸው ይሁኑ። በየመስከረሙ አዲስ የተቀጠሩትን ቡና ጠርታችሁ አንድ ገጽ ስጧቸው፤ ምን ቅጽ መሞላት እንዳለበት፣ የትኛው ቢሮ፣ በስንት ቀን፣ ምን መብት የትኛው አንቀጽ ላይ እንደተጻፈ። ያገኛችሁት መልስ ሁሉ፣ እምቢታውም ጭምር፣ ክላሰሩ ውስጥ በቅደም ተከተል ይቀመጥ።

ያን ቅዳሜ ቡና የጠራችን ባልደረባችን ከሁለት ዓመት በኋላ ለሦስተኛ ዲግሪ ሄደች። ከመሄዷ በፊት አንድ ሰማያዊ ክላሰር ለአዲሶቹ ሰጠቻቸው። መጀመሪያ ገጹ ላይ የአራታችን ፊርማ ያለበት፣ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ነበር፤ ቀጥሎ ያ ማንም ያልነገረን ባዶ ቅጽ በሃያ ቅጂ። በዚያ መስከረም የተቀጠሩት ልጆች የቤት አበላቸውን ያገኙት በመጀመሪያ ወር ደመወዛቸው ላይ ነው። ስማችንን አያውቁትም፤ ቅጹን ግን በገቡ በሦስተኛው ቀን ሞልተውት ነበር።